ረዘም ያለ፣ ጉራ የሌለበት የወንድ ልጅ ስም እርዱኝ (የአባቱ ስም ዘገየ ነው)

ዘገየ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ዛሬ 19 ቀኑ ነው። ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው፤ የክርስትና ስሙን ቄሱ ያወጡታል፣ እሱ አያሳስበኝም። ያስጨነቀኝ መጠሪያው ነው። የክትባት ካርዱ ላይ እስካሁን የእናቱ ልጅ ብቻ ነው። አያቱ ማሙሽ ትለዋለች፣ እኔም ለምጄዋለሁ። እንዲህ ከቀጠለ ማሙሽ ሆኖ እንዳይቀር ፈራሁ። ሰፈራችን ውስጥ አግብቶ ሁለት ልጅ የወለደ ማሙሽ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው ከእኔ ነው። ወላጆቼ በተጋቡ በ9 ዓመታቸው ስለመጣሁ ዘገየ አሉኝ። በስሜ ቅሬታ የለኝም። ግን ከልጅ ስም ኋላ ሲቀመጥ ሁሉንም ወሬ ያደርገዋል። ዝናቡ ስለው ዝናቡ ዘገየ ይሆናል። ምሕረቱ ስለው የባሰ ነው። ዳኛቸውን ወድጄው ነበር፤ ባለቤቴ ጡት እያጠባች ሳቀችብኝ። «ዳኛቸው ዘገየ? ልጁን ችሎት ልታቆመው ነው እንዴ?» አለችኝ።

ደግሞ ረዘም ያለ ስም ነው የምፈልገው። የባለቤቴ እህት ሊዮን ይዛ መጥታለች። ባለቤቴ ናታን ትላለች። ናታንን አልጠላሁም፣ የነቢይ ስም ነው። ግን የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ቆሜ «ናታን!» ብል ከአራት በር ነው የሚወጡልኝ።

ረጃጅሞቹን አንድ ማታ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። አንዳርጋቸው፣ በላቸው፣ ይድነቃቸው፣ አይችሉህም። ግማሹ ከጎረቤት ጋር ጠብ ነው። የእኔ ልጅ 3 ኪሎ ከ200 ነው፤ እስካሁን ያሸነፈው እንቅልፋችንን ብቻ ነው። ማንን ነው የሚበላቸው?

የልደት ምዝገባው በ90 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ስም ማስቀየር ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቃል። እባካችሁ።

ስም ጠሪው መምህር፦

እንኳን ማርያም ማረቻት። አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ በየጠዋቱ 52 ስም እጠራለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ረጅም ስም አወጣህ ማለት ልጁ በረጅሙ ይጠራል ማለት አይደለም። ተመስገን ተሜ ነው፣ ጌታቸው ጌች፣ እንዳልካቸው እንዳሌ። ሙሉው ስም የሚወጣው ሰርተፍኬት ሲሰጠውና እናቱ ስትቆጣው ነው። ስለዚህ ቁልምጫውን አስቀድመህ ጮክ ብለህ ሞክረው።

ከአባት ስም ጋር መግጠሙን ደግሞ አትጥላው። የቴአትር አዘጋጁን የማንያዘዋል እንደሻውን ስም እስቲ ቀስ ብለህ በለው። እንዲህ ያለ ስም ፈልገህም አታገኘው። ይድነቃቸው ተሰማም እንደዚያው ነው። ጉራ ነው ካልክ፣ ሰውየው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. መርተዋል፤ በስማቸው ልክ ኖረዋል። ላንተ ግን ተመስገንን እመክራለሁ። የማንንም ስሜት አይነካም።

ዘገየ፦

መምህር፣ ተመስገን ዘገየ ሲባል «ምነው ምስጋናው ዘገየ?» አይሉኝም? አማቴን አታውቃትም።

ከሜሪላንድ፦

እኛ ልጃችንን ኃይለ ሚካኤል ብለን ለያይተን ጻፍነው። ትልቅ ስህተት። ቅጹ ላይ ኃይለ የመጀመሪያ ስም፣ ሚካኤል ሚድል ኔም ሆኖ ገባ። አሁን 8 ዓመቱ ነው፤ አስተማሪዋ «ሄይል» ትለዋለች፣ የጥርስ ሐኪሙ «ማይክል» ይለዋል፣ ቤት ውስጥ ሚኪ ነው። ሦስቱንም አቤት ይላል፣ ምን ያድርግ።

ምክሬ ሁለት ነው። ስሙ ድርብ ከሆነ አንድ ቃል አድርጋችሁ ግጠሙት። በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍም ከአሁኑ ወስኑ፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ልጁ ዕድሜ ልኩን «ሁለቱም እኔ ነኝ» እያለ ነው የሚኖረው።

አዝመራ ከደብረ ማርቆስ፦

ልጄ እንኳን ደስ አለህ። ይህንን የልጅ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ። ስም እኮ በወረቀት አይደረደርም። በእኛ ጊዜ ቤት ውስጥ የሆነው ነገር ነበር ስም የሚሆነው። ሰው ሞቶባቸው የመጣ ልጅ ምትኩ ይባላል፣ ካሳሁን ይባላል፣ ማስረሻ ይባላል። እኔ አዝመራ ሲሰበሰብ ስለተወለድኩ አዝመራ አሉኝ። አንተም ብትሆን ከቤት ነው ያገኘኸው። እስቲ በእናንተ ቤት ምን ነበር? ማን ነበር የሚጠብቀው? ታላቅ አለው ወይ?

ዘገየ፦

እትዬ አዝመራ፣ ይህችን ጥያቄ ካነበብኩ ጀምሮ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ታላቅ አለችው፣ 7 ዓመቷ ነው። አምስት ዓመት ሆነው እንደ ሰው ወንድም አምጡልኝ ማለት ከጀመረች። ከሆስፒታል የገባን ቀን ለገንፎው ቅቤ ጎደለና ሱቅ ላክናት። ደረጃው ላይ ለጎረቤት፣ በሩ ላይ ለጥበቃው፣ ሱቅ ለተሰለፈው ሁሉ «ወንድም አገኘሁ» ስትል ቆይታ፣ ብሩን በእጇ እንደጨበጠች ያለ ቅቤ ተመለሰች። እኔ ያን ቀን ተቆጥቻታለሁ።

አሁን ጻፍኩት። ወንድማገኘሁ ዘገየ። «ወንድም አገኘሁ፤ ዘገየ።» እሷ ራሷ የተናገረችው ነው የሚመስለው።

ከሜሪላንድ፦

ኧረ ወንድሜ! በላቲን ስቆጥረው 14 ፊደል ነው። ቢያንስ ወንድማገኝ በለው።

ስም ጠሪው መምህር፦

ቁልምጫው ወንዴ ነው። ይሄዳል።

ዘገየ፦

14 ከሆነ 14 ይሁን። ወንድማገኝ ገና ላገኝ ነው ማለት ይመስላል፤ እሷ አግኝታለች እኮ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ይሁን» አለችኝ። «እኔ ግን ናቲ ነው የምለው።»