ለአየር ጥራት ኮሚሽን የምናስገባው ደብዳቤ፦ ሐሳባችሁን ጣል አድርጉ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለኮሎራዶ የአየር ጥራት ቁጥጥር ኮሚሽን የምናስገባው ረቂቅ ላይ "የነዳጅ ጉድጓዶች ይዘጉ" የሚል አለ። እኔ ቢወጣ ደስ ይለኛል። ማንም አይሰማንም፣ ደግሞ ከመሃላችን እንጀራው እዚያው የሆነ ስንት ሰው አለ። አንድ ነገር ብቻ እንያዝ።

ነርሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ኦዞኑ ነው፣ ይሄ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ገብቶ ሳንባ የሚጎዳው ጋዝ። ሰመር ሲገባ "ዛሬ ልጆች ውጭ አይቆዩ" የሚል መልእክት ይመጣል፣ ልጄም ኢንሄለሯን ይዛ መስኮት ስር ትቀመጣለች። ከመኪናና ከነዳጅ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ፀሐይ ሲያገኘው ነው ኦዞን የሚሆነው። በ2022 የፌዴራሉ መንግሥት አካባቢያችንን በኦዞን ብክለት "ከባድ" የሚባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ሹፌሩ፦ ዘግይቼ ገባሁ፣ መንገድ ላይ ነበርኩ። እንደምታውቁት እዚሁ ኮሎራዶ፣ ዌልድ ካውንቲ የነዳጅ ቦቴ ነው የምነዳው። ሰው የሚያማርረው ጉድጓዶቹ ጋ ትርፍ ጋዝ ሲቃጠል በሚታየው እሳት ነው፣ ሌሊት ስለሚታይ። ዋናው ግን የማይታየው ነው። የድሮ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንክ ላይ ስደርስ መሰላሉን ወጥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ መለኪያውን በእጄ ወደ ውስጥ አወርዳለሁ። ገና ስትከፍተው ጋዙ ፊትህን ይመታሃል። ጭስ የለውም፣ ከአፉ በላይ ያለው አየር ግን ፀሐይ እንደመታው አስፋልት ይርገበገባል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ደግሞ ዘግተኸው ስትወርድም ሲያፏጭ ትሰማዋለህ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ይሄ ላንተም አደጋ አይደል እንዴ?

ሹፌሩ፦ ነው እንጂ! ከ2010 እስከ 2014 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ክዳን ከፍተው ሲለኩ ወይም ናሙና ሲወስዱ 9 ሠራተኞች ሞተዋል። ይህንን የመንግሥት የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው አውጥተውታል።

ጸሐፊዋ፦ በቃ አገኘነው። ኮሎራዶ ለአዳዲስ የነዳጅ ማውጫ ጣቢያዎች የታንኩ ክዳን ሳይከፈት ነዳጁን የሚለካ መሣሪያ ከ2020 ጀምሮ ግዴታ አድርጋለች። እኛ የምንለው "የድሮዎቹም ይኑራቸው" ነው። ለልጆቹም ይጠቅማል፣ ለሠራተኛውም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም በአንዴ ካልን ይስቁብናል። በቀን በርሜል ሁለት በርሜል የሚያወጣ ትንሽ ባለቤት ወጪው ከከበደው ጥሎት ይሄዳል፣ የተጣለ ጉድጓድ ደግሞ እያፈሰሰ በመንግሥት እዳ ይቀራል። ከቤትና ከትምህርት ቤት 2,000 ጫማ ውስጥ ካሉት ይጀመር። ለአዲስ ጉድጓድ የተቀመጠው ርቀት ያው ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከየት አመጣችሁት አይሉንም።

ነርሷ፦ የካሜራውስ ነገር? ጋዙን የሚያሳየው ኢንፍራሬድ ካሜራ ውጤቱ ለሰፈሩ ሰው ይነገር፣ በአማርኛም ጭምር።

ጸሐፊዋ፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው፣ ግን ለብቻው ይሁን። ሁለቱን ከቀላቀልናቸው ሁለቱም ይጠፋሉ።

ሰብሳቢ፦ ተስማምቻለሁ። ጋሼ፣ ስብሰባው ላይ ሦስት ደቂቃ ትናገርልናለህ?

ሹፌሩ፦ እሱን ተወኝ ወንድሜ፣ አለቃዬ ይሰማል። ስሜ አይውጣ እንጂ የክዳኑን ነገር እኔው እጽፈዋለሁ፣ ሐሙስ እረፍት ነኝ።

ጸሐፊዋ፦ መጻፉ ይቅርብህ፣ በድምፅ ላክልኝና እተይበዋለሁ። ያችን የማፏጨቷን ነገር ግን እንዳትረሳት።