የቢሲዲ ምርጫ፦ 13 ኪሎ ወይስ 24 ኪሎ የሚያነሳ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቢሲዲ (ጠላቂ የሚለብሰው፣ አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፍ መሣሪያ) ልገዛ ነው። የምጠልቀው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ በ7 ሚሊሜትር ዌትሱት (አረፋ ካለው ጎማ የተሠራ የመጥለቂያ ልብስ) እና በ12 ሊትር የብረት ሲሊንደር ነው። ዓይኔን የጣልኩት ዊንግ ላይ ነው፣ ፊኛው ከጀርባ ብቻ የሆነ ቢሲዲ፤ አንዱ 13 ኪሎ ያነሳል፣ ሌላው 24። ትልቁን ልውሰድ?

መልስ 1፦ 24ቱ ይቅርብህ። ለአንድ ሲሊንደር የሰፋ ፊኛ ግራና ቀኙ ሲሊንደሩ ላይ ይጠቀለልና አየሩ እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል፤ ማስወጫውን ብትስብም እሺ አይልም። ይልቅ ስንት ኪሎ የሚያነሳ እንደሚያስፈልግህ አስላው። ዌትሱቱን ጠቅልለህ መረብ ውስጥ ክተት፣ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ አየሩን አስወጣ፣ ከዚያ መስጠም እስኪጀምር የእርሳስ ክብደት (ጠላቂ ለመስጠም የሚይዘውን ብረት) ጨምርበት። 8 ኪሎ ፈጀ እንበል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ፊት 4 እጥፍ ስለሆነ የዌትሱቱ አረፋዎች ይጨመቁና ከ8ቱ ኪሎ የማንሳፈፍ አቅሙ አብዛኛው ይጠፋል፤ አንተ ግን ሁሉንም ቁጠረው። በ200 ባር የተሞላው ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ደግሞ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ድምሩ 11፤ 13ቱ ይበቃል።

መልስ 2፦ ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ቀረ። ቢሲዲው ውሃ ላይ ቢወልቅ ብቻውን መንሳፈፍ አለበት። የብረት ባክፕሌት (ፊኛው የሚታሰርበት የጀርባ ሳህን)፣ ሙሉ ሲሊንደር፣ ሬጉሌተር (መተንፈሻው) እና እርሳሱ በሙሉ እሱ ላይ ከተጫኑ 13 ኪሎ ሊያጥር ይችላል። ከእርሳሱ ከፊሉን ወገብህ ላይ ታጠቅ።

ጠያቂ፦ ዊንግ ውሃ ላይ ፊትን ወደፊት ይደፋል የሚባለውስ?

መልስ 2፦ ጢም አድርገህ ስትነፋው ነው። አፍህ ከውሃ በላይ ሲሆን ንፋቱን አቁም፤ ጥቂት እርሳስም ወደ ሲሊንደሩ ማሰሪያ አዙር።

መልስ 3፦ ከመክፈልህ በፊት ዌትሱቱ ላይ ደርበው፣ ማሰሪያዎቹን አጥብቅ፣ ትርፍ አየር የሚያስወጣው ቫልቭ እስኪተነፍስ ንፋው። ትከሻውን ወደ ላይ ስበው፤ ጆሮህ ድረስ ከመጣ ሰፍቶሃል። ወፍራም ጓንት አድርገህ የማስወጫውን ገመድ ሳታይ ፈልገው፤ ብዙዎቹ ገመዶች ጫፋቸው ላይ ያለችው ጉብታ ትንሽ ስለሆነች ከጣት ያመልጣሉ። ያገለገለ ከሆነ ነፍተህ አሳድረው። ጠዋት ከላላ መጀመሪያ ቫልቩን ፍታና ላስቲኩ ስር አሸዋ ወይም የጨው ቅንጣት ፈልግ። የኢንፍሌተሩ (ከሲሊንደሩ አየር የሚሞላው ክፍል) ቁልፍ ተጭነህ ስትለቀው ቶሎ ካልተመለሰ ግን አትግዛ፤ ውሃ ውስጥ ከተጣበቀ ቱቦውን እስክትነቅል ድረስ እየሞላ ሽቅብ ይወስድሃል።