የሰርግ ካርድ ላይ «ጎድ ብለስ» ነው ወይስ «ጎድ ብለሲዝ»?

የሙሽሪት እህት፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እንግሊዝኛ የምትችሉ እባካችሁ ድረሱልኝ። የእህቴ ሰርግ ተቃርቧል። የጥሪ ካርዱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እያዘጋጀን ነው፣ ምክንያቱም የሙሽራው ዘመዶች አብዛኞቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ናቸው፤ እዚያ የተወለዱት ልጆች ደግሞ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም። አባታችን ካርዱ መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔር ትዳራቸውን ይባርክ» የሚል ምርቃት በሁለቱም ቋንቋ ይግባ ብሏል። እኔ «ጎድ ብለስ ዜር ማሪጅ» ብዬ ሰጠሁ። ማተሚያ ቤት ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ልጅ «ሂ፣ ሺ፣ ኢት ሲሆን ግሱ ላይ ኤስ ይጨመራል፣ እግዚአብሔር ደግሞ ሂ ነው» ብሎ «ብለሲዝ» አደረገው። ትምህርት ቤት የተማርነው እሱ እንዳለው ነው፤ ግን ጆሮዬ አልተቀበለውም። ሰው ሁሉ «ጎድ ብለስ ዩ» ሲል ነው የምሰማው። የአባቴ ምርቃት ተሳስቶ እንዲታተም አልፈልግም። ከካርዱ ሁሉ እሱ የሚያየው ይቺን አንድ መስመር ነው። የቱ ነው ትክክል? ምክንያቱንም ንገሩኝ፣ ልጁን ማሳመን አለብኝ።

እንግሊዝኛ አስተማሪ፦

እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽው ነው ትክክሉ። ልጁ የጠቀሰው ሕግ እውነተኛ ሕግ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

ከአማርኛው ጀምረሽ አስረጂው። «እግዚአብሔር ይባርካል» እና «እግዚአብሔር ይባርክ» አንድ ናቸው? አይደሉም። «ይባርካል» ስትዪ እግዚአብሔር የሚያደርገውን እየተናገርሽ ነው። «ይባርክ» ስትዪ ግን እንዲያደርገው እየለመንሽ ነው፣ ይሄ ነው ምርቃት የሚባለው። እኛ ልዩነቱን ግሱ መጨረሻ ላይ እናሳያለን። እንግሊዝኛም ያሳያል፣ ኤሷን በማስቀረት። የሰዋስው ሰዎች ይህን የግስ መልክ ሰብጀንክቲቭ ይሉታል። ድሮ በእንግሊዝኛ በሰፊው ይሠራበት ነበር፤ ዛሬ ራሱን ችሎ ሲቆም የምናገኘው በብዛት በጸሎት፣ በምርቃትና በእርግማን ውስጥ ነው።

ማስረጃ ከፈለገ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ክፈቺለት። ዘኍልቍ 6፥24 ላይ፣ ካህናቱ ሕዝቡን የሚባርኩበት ቦታ፣ «ዘ ሎርድ ብለስ ዚ፣ ኤንድ ኪፕ ዚ» ይላል። በእኛው «እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም» የሚለው ማለት ነው። በዚያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ኤሷ በምትገባበት ቦታ የሚገባው ኢ፣ ቲ፣ ኤች ነው። ለምሳሌ 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 ላይ እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳል ለማለት «ጎድ ለቬዝ» ብለው ጽፈዋል። እዚያ ጨመሩ፣ ምርቃቱ ላይ ግን አልጨመሩም። አባታችን ሆይ ላይም እንዲሁ ነው፤ «መንግሥትህ ትምጣ» የሚለው «ዛይ ኪንግደም ካም» ነው፣ «ካምዝ» አይደለም፤ እኛም «ትመጣለች» አንልም። እንግሊዞች ለንጉሣቸው «ጎድ ሴቭ ዘ ኪንግ» ሲሉም ያው ነው።

ልጁ ያልረሳው ሕግ የሚሠራው «እግዚአብሔር ትሑታንን ይባርካል» ብትዪ ነው። ያኔ «ብለሲዝ» ትክክል ይሆናል።

አዲሱ ገበያ፦

ምን ታካብዳላችሁ? ኤስ ኖረ አልኖረ ሰው ይገባዋል። ለሰርግ የሚመጣ ሰው ካርድ ሊያርም ነው እንዴ የሚመጣው?

የሙሽሪት እህት፦

ወንድሜ፣ ካርዱ ተቀምጦ የሚኖር ነገር ነው። ልጆቻቸው ያነቡታል፣ እንግሊዝኛው ደግሞ የልጆቹ ቋንቋ ነው። የአያታቸውን ምርቃት ደህና አድርጎ መጻፍ ማካበድ አይመስለኝም። አስተማሪ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፤ «ሜይ» ሲገባበትም አይቻለሁ። ያኛውስ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

እኔ የምኖረው እዚሁ ዘመዶቻችሁ አካባቢ ነው። ለካርድ «ሜይ ጎድ ብለስ ዜር ማሪጅ» በጣም ያምራል፣ ክብር አለው። ብቻ «ሜይ» መጀመሪያ ላይ ትቁም። «ጎድ ሜይ ብለስ» ካልሽው ትርጉሙ «እግዚአብሔር ይባርካቸው ይሆናል» ሆኖ ቁጭ ይላል። አባትሽ ጥርጣሬ አልጻፈም! ይህን ስህተት በእኛ ሰው የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያና የልደት ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ የሚመጣውም ከአማርኛው አሰካክ ነው፣ እኛ እግዚአብሔርን አስቀድመን ግሱን ስለምናስከትል።

ስለ አጠቃቀሙ ደግሞ ጥቂት ልበል፣ ሰዋስው ልክ ሆኖም ሰው የሚቀበለው በሌላ መንገድ ሊሆን ይችላልና። ደብዳቤ ወይም ኢሜይል መጨረሻ ላይ «ጎድ ብለስ» ብሎ ማቆም ይቻላል፣ «ዩ» ባይኖርም ጎደለ አይባልም። ፕሬዚዳንቶቹም ንግግራቸውን «ጎድ ብለስ አሜሪካ» ብለው ነው የሚዘጉት። «ብለስ ዩ» ብቻውን ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ለሚያስነጥስ ሰው የሚባለው ነው፣ እንደ እኛው «ይማርህ»። «ብለስ ዮር ሃርት» የሚለውን በደቡብ ግዛቶች ስትሰሚ ተጠንቀቂ፤ አንዳንዴ ከልብ ነው፣ አንዳንዴ ግን «ምስኪን፣ አይገባትም እኮ» ለማለት ነው። ካርድ ላይ አታስገቢው።

ኡሙ ሰልማ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። ጥያቄው የሰርግ ቢሆንም እኛም ዘንድ ይኸው ችግር ስላለ ልጨምር። የሰላምታችን እንግሊዝኛ «ፒስ ቢ አፖን ዩ» ነው። «ኢዝ» አይባልም፤ «ሰላም በእናንተ ላይ ነው» አላልንም፣ «ይሁን» ነው ያልነው። በነቢዩ ﷺ ስም ላይ የሚጨመረውም «ፒስ ኤንድ ብለሲንግስ ቢ አፖን ሂም» ነው። አንድ የመድረሳ በራሪ ወረቀት ላይ ሰላምና በረከት ሁለት ናቸውና ብዙ ቁጥር ይገባል ተብሎ «አር» ተደርጎ አይቼ በጣም አዘንኩ። ነጠላም ይሁን ብዙ «ቢ» አይለወጥም። በጽሑፍ ብዙዎች አጠር ካለው «ፒስ ቢ አፖን ሂም» የአራቱን ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ያስቀምጣሉ። ቦታ ካለ ግን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል፤ ዱዓ ነውና በአራት ፊደል ባይቋጭ ደስ ይለኛል። ለሶሓቦች፣ ለነቢዩ ባልደረቦች፣ «ረዲየላሁ ዐንሁ» የምንለው ደግሞ «ሜይ አላህ ቢ ፕሊዝድ ዊዝ ሂም» ይሆናል፣ እዚህም «ሜይ» ከፊት ናት።

ጎንደሬው፦

ከሰርግ ወደ ሐዘን ስለወሰድኳችሁ ይቅር በሉኝ። ለንደን ያለች የሥራ ባልደረባችን፣ ፈረንጅ ናት፣ አባቷ ዐርፈዋል። «ነፍስ ይማር» ብዬ ልጽፍላት ፈልጌ በቀጥታ ስገለብጠው «ሜይ ጎድ ሃቭ መርሲ ኦን ሂዝ ሶል» ሆነ። ልላከው?

እንግሊዝኛ አስተማሪ፦

ሰዋስዉ ንጹሕ ነው። ለእንግሊዝ ሰው ግን አትላከው። ብሪታንያ ውስጥ ዳኞች ሞት ሲፈርዱ ንግግራቸውን የሚዘጉት «ሜይ ዘ ሎርድ ሃቭ መርሲ አፖን ዮር ሶል» በሚል ቃል ነበር፣ ከአንተው ጋር ያው ነው። በግድያ ወንጀል ሞት መፍረድ በ1965 እ.ኤ.አ. ቢቀርም ቃሉ ያንን ጊዜ የሚያስታውሳቸው ብዙ ናቸው። እኛ ጋ «ነፍስ ይማር» የፍቅር ቃል ነው፤ እዚያ ግን ሰውዬው ከባድ ኃጢአት ያለበት ሊያስመስል ይችላል። «ሜይ ሂ ሬስት ኢን ፒስ» በላት። «ሬስትስ» እንዳትል፣ ምኞት ነው። ሃይማኖተኛ መሆኗን ካላወቅህ ደግሞ «በአባትሽ ማረፍ በጣም አዝኛለሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብትጽፍላት ይበቃል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ነጠላ ሰረዝም አትርሱ። «ጎድ» ብለን ነጠላ ሰረዝ አድርገን «ብለስ ማይ ቻይልድ» ካልን «እግዚአብሔር ሆይ፣ ልጄን ባርክ» ማለት ነው፤ ሰረዟ የ«ሆይ»ን ሥራ ትሠራለች። ያለ ሰረዝ ከሆነ «እግዚአብሔር ልጄን ይባርክ» ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ አንዱ ለራሱ ለእግዚአብሔር ነው፣ ሌላው ለሚሰማው ሰው ነው። «ጎድ» ሰረዝ «ብለስ ዩ» ብሎ መጻፍ ግን ትርጉም የለውም።

የሙሽሪት እህት፦

ኑሩልኝ። ለልጁ ይባርካልና ይባርክን አጠገብ ለአጠገብ ጽፌ አሳየሁት፣ ወዲያው ገባው። «ሜይ ጎድ ብለስ ዜር ማሪጅ» ይወጣል፣ አባቴም ተስማምቷል። ነገ ይታተማል።

እንግሊዝኛ አስተማሪ፦

እሰየው። ከመታተሙ በፊት ሦስት ነገር እዪልኝ። የ«ጎድ» ጂ ትልቋ ትሁን። «ማሪጅ» በሁለት አር ነው የሚጻፈው። «ዜር» ደግሞ «የእነሱ» የሚለው መሆኑን አረጋግጪ፤ «እዚያ» የሚለውም በድምፅ አንድ ነው፣ የኮምፒውተሩ ፊደል ማረሚያ ላይለየው ይችላል።