ጎማ ልቀይር ነው፣ የቱን ልግዛ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ጎማ የምታውቁ ካላችሁ ድረሱልኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እያነበብኩ ጭራሽ ግራ ገባኝ። መኪናዬ ጎልፍ ጂቲአይ ናት፣ የጎማ ሳይዟ 225/45 አር 17። አሁን ያለባት የሙቀት ወቅት ጎማ ነው፣ ሞቃት ቀን ኩርባ ላይ መሬቱን ቆንጥጦ ነው የሚይዘው፣ ግን ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ላስቲኩ ይደርቅና ጠዋት መብራት ላይ ስነሳ የፊት ጎማዎቹ ባዶ ይሽከረከራሉ። ባለፈው በብርድ ዝናብ እየጣለ ፍሬን ስይዝ ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የፍሬን ሲስተም) እግሬ ስር እየተንቀጠቀጠ ከፊቴ ያለውን መኪና ልገጨው ምንም አልቀረኝም፣ ልጄ ከኋላ ነበረች፣ እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይርበተበታል።

አራት የሙቀት አራት የብርድ ብዬ እንዳልይዝ ማስቀመጫ የለኝም፣ ስለዚህ ኦል ሲዝን ፐርፎርማንስ፣ ማለትም ለሙቀትም ለብርድም የሚሆን ግን መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ ጎማ ነው የምፈልገው። ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 ወይስ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ዲደብሊውኤስ 06 ፕላስ? የኮንቲኔንታሉ ጥርስ ላይ ዲ (ደረቅ)፣ ደብሊው (እርጥብ)፣ ኤስ (በረዶ) የሚሉ ፊደሎች ተቀርጸውበታል፣ እየተበላ ሲሄድ ኤሷ ከጠፋች በረዶ ላይ አትመኑኝ ማለቱ ነው፣ ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ። የምፈራው መሪው እንዳይደነዝዝብኝ ነው፣ ይቺን መኪና የገዛሁት ለመሪዋ ስል ነው። ሁለቱንም የነዳችሁ፣ የቱ ነው መሪ ላይ ቶሎ የሚመልሰው? ግማሽ ሲያልቅስ ድምፁ እንዴት ነው?

ደሞ ሎድ ኢንዴክሱ 94 ይሁን 91? 94 ማለት አንዱ ጎማ 670 ኪሎ፣ 91 ደግሞ 615 ኪሎ ይችላል፣ በር ላይ ያለው ስቲከር 91 ነው የሚለው፣ 94 ባስገባ ጉዞው ይደርቅብኛል እንዴ? የድሮዎቹ ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ስለተበላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል) አሠራለሁ፣ እሱን ወስኛለሁ።