ዶሜይኔን እንዴት ላዛውረው?

ሰላም ወገኖች፣ ከሐረር ነው። ጁገል ውስጥ ላለችው ትንሽ የእንግዳ ማረፊያችን ዌብሳይት አለን፤ የዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ ስም) ዓመታዊ ማደሻ ክፍያ ግን ወገቤን እያጎበጠው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ርካሽ ነበር። የዶት ኮም ስሞችን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን የተባለው ኩባንያ ለሻጮች የሚያስከፍለው ዋጋ በ2024 እ.ኤ.አ. 10.26 ዶላር ገብቷል፤ የኔ ሻጭ የሚጠይቀኝ ከዚያ እጥፍ በላይ! ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ አይጣል ነው። ስሙን መተው አልችልም፤ በራችን ላይ ተጽፏል፣ እንግዶችም የሚያገኙን በሱ ነው። ወደ ሌላ ሻጭ ላዛውረው ብዬ ሻጬን የማዛወሪያ ኮድ (ለዝውውሩ የሚያስፈልገውን የይለፍ ቃል) ብጠይቅ፣ «ቆይ» እያሉ ያጉላሉኛል። ጊዜው ሊያልቅ ነው፤ ካለፈ ማስመለሻው ሌላ ዕዳ። ያዛወራችሁ ካላችሁ፣ ኮዱን እንዴት አስለቀቃችሁ? ከዚህ ሆናችሁስ በምን ካርድ ከፈላችሁ? የኢትዮጵያው ዶት ኢቲ (.et) ይሻላል የምትሉም ንገሩኝ።