ዘጌ ላይ የሚካሄድ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ፦ ምስጢሩ ቶሎ ይፈነዳብኛል

ጠያቂው፦ ሰላም ወገኖቼ። ባለታሪኳ ከ15 ዓመት በኋላ ለአባቷ ተዝካር ከአዲስ አበባ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ዘጌ ትመለሳለች። አባትየው የደበቁት ልጅ አለ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንባቢው ሁሉንም ያውቀዋል። እንዴት ላቆየው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምስጢሩን ሙሉውን ለአንድ ሰው አትስጥ። አክስት ልጁ መወለዱን ትወቅ፣ ጎረቤት እናቱን ብቻ። የነፍስ አባት ሁሉን ቢያውቁም የንስሐ ቃል አያወጡም፤ ዝምታቸው ራሱ ፍንጭ ይሆናል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ልጁ በአሳዳጊው ስም ከተጠራ ወረቀት አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው ጋብቻ ነው፤ ሽማግሌ መጥቶ ሰባት ቤት ሲቆጠር።

ሌላ መልስ፦ ሐይቁን እንደ ሰዓት ተጠቀምበት። ጣና መስከረምና ጥቅምት ይሞላል፣ ግንቦት ላይ ይጎድላል። አርባው ጥር ላይ እንዲውል አባትየው ታኅሣሥ መጀመሪያ ይሙቱ፤ ከዚያ ውሃው በየምዕራፉ ይሽሽ፣ ዳር የተቀበረው ሣጥን ግንቦት ላይ ይታይ። ታንኳን ግን ተጠንቀቅ! የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ለዓመታት ተደብቆ የቆየ ታንኳ ብትጽፍ የባሕር ዳር አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ጠያቂው፦ ማስረጃው ገዳም ውስጥ ቢሆንስ?

መልስ፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴት ትገባለች፣ ክብራን ገብርኤል ግን አትገባም። ክብራን አድርገው። ወንድ መላክ ግድ ይሆንባታል፤ የምትልከውም ሳታውቀው ያው የተደበቀው ወንድሟ ይሁን።