ክርክር፦ የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ግቢ ቅርስ ሆኖ ይቆይ ወይስ መሬቱ ለሌላ ሥራ ይዋል?

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ዛሬ እንከራከር! አዲሱ ባቡር ጣቢያውን ከከተማ አውጥቶ ከሠራ ወዲህ ከዚራ ጭር ብሏል። አሮጌው ጣቢያና ወርክሾፑ ቅርስ ተብሎ ቢያዝ ሰፈሩ ነፍስ ይዘራል ባይ ነኝ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ባይከብደው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ባይደርስ፣ ድሬ የምትባል ከተማ የለችም።

ገንደ ቆሬ፦ ታሪክ አይበላም ወንድሜ። እኛን ያሳደገን የአባታችን የምድር ባቡር ደሞዝ ነው። ባቡሩ ሲቆም ሻይ ሻጯም፣ ተሸካሚውም፣ ከጅቡቲ ጨርቅ የምታመጣዋም አብረው ቆሙ። ቱሪስት መጥቶ ዝገት ፎቶ ቢያነሳ ለእነሱ ምን ይተርፋቸዋል? ፋብሪካ ይተከልበት።

ቶርኖ፦ ቴክኒክ ነው የማስተምረው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ወርክሾፑ ይዤ ገባሁ። አንድ ጡረተኛ አባት ማሽኑን በጨርቅ ጠረጉት፣ አስነሱት፣ «አን፣ ዶ፣ ትሯ» እያሉ በፈረንሳይኛ እየቆጠሩ ብሎን ቀረጹ። ልጆቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ! ለዚያ ዕድሜ ባቡር መለዋወጫ ከገበያ ስለማይገኝ እዚያው ነበር የሚሠራው። እኔ የምፈራው ፋብሪካውን አይደለም፣ ያ እጅ ሳያስተምር እንዳይቀር ነው።

ለገሃር፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። የሰፈሬ ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፣ ጣቢያ ማለት። ቅርስ ይጠበቅ፣ ጥሩ። ግን ሰፈር ሲያምር ኪራይም ያምራል። የቀበሌ ቤት ያለው ሰው የት ይሄዳል? ይህን ሳትነጋገሩ ቀለም አትቀቡ።

የከዚራ ልጅ፦ እውነት ነው፣ እሱን አላሰብኩትም።

ገንደ ቆሬ፦ ቶርኖ፣ ማሽኑ ይሽከርከር እንበል። ደሞዙን ማን ይከፍላል?

ቶርኖ፦ ባጃጁ! ድሬ ውስጥ ከባጃጅ የሚበዛ ነገር አለ እንዴ? ቡሽ ሲበላ፣ አክስል ሲጣመም እዚያ ይሠራ። ጡረተኞቹ ያስተምሩ፣ ልጆቹ ይሥሩ፣ ጎብኚው ከፍሎ ይይ።

ገንደ ቆሬ፦ እንደሱ ከሆነ አልቃወምም። «ሙዚየም» ብላችሁ በሩን ከቆለፋችሁት ግን መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ለገሃር፦ የኪራዩን ጥያቄ ግን ዘለላችሁት።